ከመርዶው በፊት የተሰጠ ድምፅ

ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ
ጥቅምት 27 ቀን 2018 (በፈረንጅ ኖቬምበር 6)

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለነስረዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴም ደረጃ ካላየ ዝም ይላል።

ደብዳቤህ ሰላምታ የለውም። «ረቡዕ ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?» ብለህ ጀምረህ እዚያው ጨርሰኸዋል። እስር ቤት ሆነህ የጻፍክልኝ ደብዳቤዎች እንኳ ሰላምታ ነበራቸው። ከሐዘንህ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል።

ጎረቤቴ አቶ ሽባባው ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፉ። ልጃቸው ሩሐማ ከዚያው ደውላ አረዳችኝ። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት አንተ ከሮተርዳም መጥተህ ደጃፌ ላይ ስትቆም እኔ ካወቅሁ አንድ ቀን ሞልቶኝ ነበር። አልነገርኩህም። መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም። በባዶ ሆድ አይነገርም፣ በር ላይ ተቁሞም አይነገርም። ሰውየው ጉዳዩን ፈጽሞ፣ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ እህል ቀምሶ ነው። አያትህ የሞቱ ጊዜ ለእኔ የተነገረኝ በአምስተኛው ቀን፣ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት አርሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው። የነገሩኝን ሰዎች እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

አንተም ጉዳይ ነበረህ። አቶ ሽባባው በምርጫ ካርዳቸው ጀርባ ስምህን ጽፈው፣ ስለ እኔ ይምረጥልኝ ብለው ፈርመዋል። ይህንን የአገሩ ሕግ ይፈቅዳል፤ ምርጫው የመላው አገር ስለነበረ አንተም የሮተርዳም ካርድህን እዚህ እንድትመርጥበት አስለውጠህ ነበር። ካርዱንና የመታወቂያቸውን ግልባጭ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠሁህ፤ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ሄደህ የራስህንም የእሳቸውንም ድምፅ ሰጥተህ ተመለስክ። በላህ። ከዚያ ነገርኩህ። ያጠፋሁት ነገር አይታየኝም። ሰው በእጁ ፈርሞ የተወው አደራ ባለቤቱ ስለሞተ አይላላም፤ እንዲያውም ይጠብቃል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሩሐማ ራሷ ልትመርጥ ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄዳ፣ አባቴ ትናንት ሞቷል፣ ካርዱን ምን ላድርገው ብላ ጠይቃ ኖሯል። ሐቀኛ ልጅ ናት። የካርዱን ቁጥር ፈልገው ሲያዩት ጠዋት ድምፅ ተሰጥቶበታል። ትናንት ሁለት ሰዎች መጥተው ቤቷ ውስጥ አነጋግረዋት ሄዱ። ዛሬ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ፊቷን አዞረችብኝ።

እሑድ ለምን አልመጣህም? ምሳ ሠርቼ እስከ አስር ሰዓት በመስኮት ሳይ ዋልኩ።

አክስትህ ኡሙልኸይር


ሮተርዳም ዙይድ
12 ኖቬምበር 2025

ለተከበሩ እትዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ። ይኸው፣ ያለፈውንም ጨምሬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

እሑድ ያልመጣሁት ስላልተፈቀደልኝ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ ፖሊስ ጠርቶኝ ነበር። ሳልነግርዎ የቀረሁት ነገሩ ያልፋል ብዬ ነው፤ አላለፈም።

የሞተ ሰው ድምፅ የለውም ይላል ሕጉ። ተወክሎ የሚመርጥ ሰው፣ የወከለው ሰው መሞቱን እያወቀ ከመረጠ ወንጀል ነው። ለሌላው ሰው ትንሽ ወንጀል ነው። እኔ ግን በአመክሮ የወጣሁ ነኝ። በአመክሮ ላይ ያለ ሰው ሌላ ወንጀል ከተገኘበት፣ ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ የቀረችውን ተመልሶ ይጨርሳል። የቀረችኝ አሥራ ስድስት ወር ናት።

ያለሁበትን የሚከታተሉበትን ባንድ እግሬ ላይ መልሰውታል። ጉዳዩ እስኪወሰን ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ነኝ፤ ከሮተርዳም አልወጣም። ሜትሮው ወንዙ ሥር ሲገባ ባንዱ ሲግናል ያጣል። ማዶ ወጥቶ እስኪያገኝ ድረስ ልቤ አያርፍም፤ አንድ ቀን ጠፋህ ብለው ይመጡብኛል እያልኩ። መጋዘን ስደርስ የቲማቲም ሣጥን መደርደር ዕረፍት ሆኖልኛል።

ጠበቃ አግኝቻለሁ፤ ሃፍሳ ትባላለች። የኛው ልጅ ናት፣ የተወለደችው ግን እዚህ ነው። እርስዎን «አንቺ» ማለቷ አይቀርምና ይዘጋጁ። ስለ ጉዳዩ በስልክ እንዳናወራ አስጠንቅቃኛለች። እኛ ደግሞ በእስሬ ጊዜ ደብዳቤ ለምደናል። በዚያን ጊዜ በቀይ አርመው የሚመልሱልኝን አሁን ባይመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ፖሊሱ ብዙ አላቆየኝም። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ስትመርጥ ሰውየው መሞቱን ታውቅ ነበር ወይ? መልሼ ወጣሁ።

ማንም ሰው እርስዎ ጋ ቢመጣ ታምሜአለሁ ይበሉ። ሩሐማን ስለ እኔ ሰላም ይበሉልኝ። የቀብሩ ዕለት አለመገኘቴ ከሁሉም ይበልጥ ያንገበግበኛል።

ልጅዎ ነስረዲን


ሙርዋይክ
ኅዳር 8 ቀን 2018 (ኖቬምበር 17)

ውድ ነስረዲን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ቅዳሜ ደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ይዤ አልጨረስኩም። ሩዝ አጥቤ ሳልጥደው እረሳለሁ፤ ፖስተኛው እንደማይመጣ እያወቅሁ እሑድ ሁለት ጊዜ ሣጥኑን ለማየት ወርጃለሁ።

የጠየቅከኝን ላስቀድም። ቀብሩ ራይስዋይክ ነው የተፈጸመው። ቄሱ ከአምስተርዳም መጡ፤ የባቡር ሐዲድ ጥገና አዘግይቷቸው ሁላችንም ዝናብ ላይ ቆመን ጠበቅን። ሩሐማ አላለቀሰችም። ያላለቀሰ ሰው ያስፈራኛል።

አሁን ያንተን ደብዳቤ ላርመው። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈህ አንዲት ነገር ዘለሃል። ፖሊሱ ጠየቀኝ ብለሃል፣ መልሼ ወጣሁ ብለሃል። ምን ብለህ ነው የመለስከው?

ይህንን የምጠይቅህ ያንን እሑድ ደጋግሜ ስለማየው ነው። የቤታቸውን በር እየሠራህ ነበር። እሳቸው ሰኞ ሆስፒታል እንደሚገቡ ስለሚያውቁ ካርዱን ይዘው ወጡ። ሩሐማ አለችልዎ አይደለም ወይ አልኳቸው። «ሩሐማማ ለማን እንደምመርጥ ካወቀች ቁጭ አድርጋ ታስተምረኛለች» አሉ። «ይሄኛው አይከራከረኝም።»

አንተ መዶሻህን አስቀምጠህ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ እስር ቤት የነበርኩ ሰው ነኝ» አልካቸው።

«ለዚህ ነው» አሉ። «ከወጣህ ወዲህ ፊርማ ያለበት ነገር አምኖ የሰጠህ ሰው አለ?»

እጅህን ሱሪህ ላይ አበስክ።

«እንግዲህ ይኸው።»

የሚፈረምበትን ቦታ በጣቴ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ካርዱን ወስደህ ሮተርዳም እንዳትጥለው እኔ ዘንድ ይቀመጥ ያልኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁሉንም አውቃለሁ፤ የማላውቀው መልስህን ብቻ ነው። በአንድ ቃል ጻፍልኝ።

አክስትህ ኡሙልኸይር


ሮተርዳም ዙይድ
21 ኖቬምበር 2025

እትዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም።

በአንድ ቃል፣ «አውቅ ነበር» ነው ያልኩት።

አይቆጡ፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ፖሊሱ የጠየቀኝ ቁጭ ብሎ እየጻፈ ነው። አላውቅም ነበር ብል ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ታየኝ። ካርዱን ማን ሰጠህ? አክስቴ። እሷስ ታውቅ ነበር? እዚህ ላይ ቆምኩ። እርስዎ እንደሆኑ ሲጠየቁ አይዋሹም። ሰባ ስምንት ዓመት ስምዎ ፖሊስ መዝገብ ላይ ወጥቶ አያውቅም። የእኔ ስም አንዴ ወጥቷል፣ አንድ መስመር ቢጨመርበት ምን ይሆናል?

የታሰርኩት የወደብ መግቢያ ካርዴን ለጓደኛ ለአንድ ቀን ስለሰጠሁ ነበር፤ እሱ በካርዴ ገብቶ ባወጣው ኮንቴይነር ውስጥ ያለውን ሕገ ወጥ ዕቃ አላየሁም ብዬ ስምል ማንም አላመነኝም። አሁንም አላወቅሁም ብል ማን ያምነኛል? ካርድ አይቀናኝም። በማልታመንበት እውነት ከምታሰር ባመኑኝ ውሸት ልታሰር።

ሃፍሳ እንኳ እውነቱን አታውቅም። በአላህ ይሁንብዎ፣ ዝም ይበሉ።

ሌላ ትንሽ ነገር። የጋሼ ስልክ የት ነው ያለው? ሩሐማ ይዛው ከሆነ ዝም ብላ ታጥፋው፤ የሞተ ሰው ስልክ ክፍት ማቆየት ጥሩ አይደለም።

ልጅዎ


ሙርዋይክ
ኅዳር 15 ቀን 2018 (ኖቬምበር 24)

ነስረዲን፣

ዛሬ ሰላምታ የማልጽፈው እኔ ነኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ። ስለ እኔ ብሎ የዋሸ ተማሪ አንድም ቀን አላመሰገንኩም፤ ዛሬም አልጀምርም። መርዶውን የነገርኩህ ዕለት የያዝከው ብርጭቆ ከእጅህ ወደቀ። ስብርባሪው እስከ ዛሬ ከፍሪጁ ሥር ይወጣል፤ ትናንትም አንዱን በካልሲዬ ረግጬዋለሁ። የሚያውቅ ሰው ብርጭቆ አይጥልም።

ስሜ ንጹሕ ነው ትላለህ። ንጹሕ የሆነው አንተ ስለተሸከምክልኝ ከሆነ ምኑ ነው ንጹሕ?

ዛሬ ጠዋት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ትራም ተሳፈርኩ። በሁለተኛው ፌርማታ ወረድኩ። እንደገና ተሳፈርኩ፣ እንደገና ወረድኩ። ፈርቼ አይደለም። የምናገረውን በሆላንድኛ ሳሰናዳው «ደበቅሁት» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ይከብደኛል። በአማርኛ መርዶን ማቆየት ደግነት ነው። በእነሱ ቋንቋ ግን ሰውን አታልዬ መላኬ ነው። ቤቴ ተመልሼ ኮቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ፤ ይህንንም የምጽፍልህ ኮቴን እንደ ለበስኩ ነው።

ስለ ስልኩ ደግሞ ያልተጠየቅከውን ተናግረሃል። ተማሪ ሳይጠየቅ የሚናገረው የደበቀው ነገር ካለ ነው። በዚያ ስልክ ውስጥ ምን አለ?

ኡሙልኸይር


ሮተርዳም ዙይድ
28 ኖቬምበር 2025

ለተከበሩ እትዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ቁጣዎ ልክ ነው፤ ኮትዎን ግን ያውልቁ።

ስለ ስልኩ የጻፍኩትን ይርሱት። እንዲያው ሐዘን ላይ ሆኜ የጻፍኩት ነው።

ቀጠሮ ወጥቷል። ጃንዋሪ 14፣ እዚያው ዴን ሃግ ፍርድ ቤት። ለዚያ ቀን ብቻ ከሮተርዳም እንድወጣ ይፈቀድልኛል። ሃፍሳ ጥፋቴን ካመንኩና ከተጸጸትኩ ዳኛው ከአሥራ ስድስቱ ወር ይቀንስልኝ ይሆናል ትላለች። ቢቀንስም ባይቀንስም እኔ ያንን ቦታ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ምን እንደሚበላ አውቃለሁ፣ የትኛው መስኮት ፀሐይ እንደሚያገኝ አውቃለሁ። እርስዎ ግን ለጥያቄ ብቻ ለሁለት ሰዓት ቢያስቀምጡዎ ዘበኛውን ፊደል ሊያስቆጥሩት ይነሣሉ።

ለምን እንደምፈራ ልንገርዎ። የምፈራው እስሩን አይደለም። እኔን ያሳደጉኝ ሰው፣ ወረቀት ሲሳሳት ለመንግሥት ደብዳቤ የሚጽፉ ሰው፣ በሬዲዮ «አሮጊቷ በሞተ ሰው ካርድ ወንጀለኛ ላከች» ተብሎ ሲነገር እንዳልሰማ ነው። ጋሼ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይሞት።

እባክዎ እትዬ። አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ልሸከም።

ልጅዎ ነስረዲን


ሙርዋይክ
ኅዳር 30 ቀን 2018 (ዲሴምበር 9)

ውድ ልጄ፣

ሰላም ለአንተ፣ ለእግርህም ጭምር።

ልመናህን አነበብኩት፣ አጣጥፌ ቁርኣኔ ሥር አስቀመጥኩት፣ እምቢም አልኩ። ለሃፍሳ ደውዬ እውነቱን ነግሬያት፣ ትናንት አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። እንዳልከው ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምራ «አንቺ» ብላኛለች። ሁለት ጊዜ በዝምታ አለፍኩት፤ ሦስተኛው ላይ ሳየው ልጅቷ እየሮጠች ነው የምትሠራው፣ ሳንድዊቿን በሊፍት ውስጥ ነው የበላችው። ተውኩት።

ሁሉንም ተናገርኩ። ማክሰኞ ማወቄን፣ ረቡዕ ካርዱን በእጄ መስጠቴን፣ አለመንገሬን። ፖሊሱ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጻፈው፣ አስፈረመኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ለሃፍሳ የነገራትን ተረጎመችልኝ። እናቶችና አክስቶች ሁሉ እዚህ መጥተው ይህንኑ ነው የሚሉት፤ ልጁ ራሱ አውቅ ነበር ብሎ ፈርሟል። ወይ እሱ ይዋሻል ወይ አንቺ፤ ከሁለታችሁ ማንን ልመን? የሚመዝን ሌላ ነገር ካላችሁ አምጡ።

እኔን፣ ውሸታም። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

ወደ ቤት ስመለስ ያ ስልክ ትዝ አለኝ። ቀጥታ ሩሐማ በር ሄድኩ። ከፈተች፣ እኔ መሆኔን ስታይ ሰንሰለቱን አላወረደችም። በቀዳዳው በኩል የተናገረችኝን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፤ ማሳመሪያ የለውም።

«እትዬ፣ አባቴን ሞቶ አሰለፋችሁት።»

ከዚያ ዘጋችው። እውነቷን ነው። ያ ቃል ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከእኔ ጋር ይዞራል።

ኡሙልኸይር


ሙርዋይክ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 (ዲሴምበር 22)

ውድ ልጄ ነስረዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህንን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው፤ በልተህ ከሆነም ጥሩ ነው። አይ፣ ይቅር። ቆመህም ቢሆን አንብበው።

ላለፉት ሁለት ሳምንታት ያልጻፍኩልህ ሩሐማ በር ላይ ስለነበርኩ ነው። በየቀኑ ከሥራ የምትመለስበትን ሰዓት ጠብቄ ደረጃው ላይ፣ በሯ ፊት ለፊት እቀመጥ ነበር። አልናገራትም። የመጀመሪያውን ቀን ረግጣኝ ልታልፍ ደርሳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትራስ አውጥታ ሰጠችኝና ገብታ ዘጋች። ጎረቤቶች መጠየቅ ሲጀምሩ፣ በስድስተኛው ቀን፣ ሰንሰለቱን አወረደች።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ነገርኳት። ካርዱን ስለመላኬ ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ አላመንኩበትምና ሐሰት ይሆናል። ይቅርታ የጠየቅኋት አባቷ ሞተው ሳለ በሕይወት እንዳሉ አድርጌ ልጄን በመላኬ ነው። በዚህ ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ በቀብሩ ያላለቀሰችውን።

ስልኩ ከሆስፒታል ከመጣበት ፌስታል አልወጣም ነበር። መነጽራቸው፣ ዳዊታቸው፣ አንድ እግር ካልሲና ስልኩ። ልክፈተው ስትል እጇ እምቢ አላት። «ኢክ ካን ዲት ኒት፣ አልችልም እትዬ» እያለች ቻርጀሩን ለእኔ ሰጠችኝ። ሰካሁት። እስኪበራ ድረስ ሁለታችንም ወጥ ቤት ውስጥ ቆመን ነበር፤ አንዳችንም ወንበር አልሳብንም።

ያንተ ድምፅ እዚያ ነበር። ረቡዕ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ከአርባ። ሳይከፈት ስምንት ሳምንት የቆየ። ለእኔ የከለከልከኝን እዚህ እንዳለ እገለብጥልሃለሁ፤ ስድስት ጊዜ ሰምቼዋለሁና አልሳሳትም።

«ጋሼ፣ ነስረዲን ነኝ። ገብቷል። ወረቀቱ እንደ አልጋ ልብስ ነው የሚዘረጋው፤ ያልከኝን ሰው ስፈልግ ከኋላዬ ያሉት ሁሉ አጉረመረሙ። በቀዩ እርሳስ ክቧን ሞላኋት፣ ከመስመር አልወጣሁም፣ እትዬ ብታየኝ አሥር ከአሥር ትሰጠኝ ነበር። አሁን እሷ ጋ ምሳ ልበላ ነው። እሑድ እመጣና በርህን እጨርስልሃለሁ፤ አሁንም ትንሽ ይጮኻል። በርታ እሺ፣ ነርሶቹን አታስቸግር።»

እሳቸውንም እኔንም እንደ እኩያህ ነው የጠራኸን። እስር ቤት ሳለህ ቢሆን በቀይ እመልስልህ ነበር። አሁን አንዲት ፊደል አልነካም።

ለሞተ ሰው እሑድ እመጣለሁ የሚል የለም። ሩሐማ ይህንን ስትሰማ ስልኩን ራሷ ይዛ፣ ኮቷን ለብሳ፣ ሃፍሳ ቢሮ ራይስዋይክ ድረስ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ያን ቀን እንደ ማንም ጤነኛ ጉልበት ነበር።

ለምን እንደደበቅከው ገብቶኛል። አንተን የሚያወጣ ድምፅ እኔን የሚያስገባ ነው። ሚዛኑን አይተህ በአንድ በኩል ራስህን አስቀመጥክ። ልጄ፣ ሚዛኑን እንድትይዝ ማንም አልጠየቀህም። ጃንዋሪ 14 ዳኛው ሲጠይቁህ እውነቱን ትናገራለህ። ልመና አይደለም፤ ያሳደግሁህ እኔ ስለሆንኩ ትእዛዝ ነው።

አክስትህ ኡሙልኸይር


ሮተርዳም ዙይድ
16 ጃንዋሪ 2026

ለተከበሩ እትዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ። ጉልበትዎ ከዚያ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ በኋላ እንዴት ነው? ሩሐማ በክንዷ ይዛዎ ስትወጡ ከኋላ አይቻችኋለሁ። እንድደርስባችሁ አልፈቀዱልኝም።

ዳኛዋ ነፃ ስላለችኝ ባንዱን ዛሬ ጠዋት ፈቱልኝ። የፈታችው ሴትዮ መቀሱን አስቀምጣ እንኳን ደስ አለህ አለችኝ። እግሬ ግን አላመነም፤ ሜትሮው ወንዙ ሥር ሲገባ እንደ ልማዴ ሱሪዬን ወደ ላይ ስቤ ሳይ ሰው ታዘበኝ።

ዳኛዋ ድምፄን ስታሰማ የት እንደማይ አላወቅሁም። በተለይ «አሥር ከአሥር» የሚለው ላይ ተርጓሚው ፈገግ ሲል። ከዚያ ለምን ዋሸህ ብላ ስትጠይቀኝ የመለስኩትን እርስዎም ሰምተዋል። አልደግመውም፤ በወረቀት ላይ ያሳፍራል።

በሩሐማ በኩል ወደ ላኩልኝ ጥያቄ ልምጣ። አዎ፣ ሃፍሳ ነግራኛለች፤ አሁን መጥሪያው ለእርስዎ ነው። ማርች 5። እያወቁ ሌላ ሰው አስመርጠዋል ነው የሚለው። ለጠየቁኝ ሁሉ እንዲህ ያድርጉ። መነጽርዎን ይያዙ። የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። ተርጓሚውን አያርሙት፣ ቢሳሳትም። «ጥፋት አይታየኝም» አይበሉ፤ ያጠፉት እንደሚታይዎት አውቃለሁ፣ ከካርዱ ውጭ ያለውን ማለቴ ነው። ከመሄድዎ በፊት ቁርስ ይብሉ፤ እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ እዚያ እደርሳለሁ፣ አሁን ማንም አይከለክለኝም።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ስከሰስ ተኝቼ ነበር።

ልጅዎ ነስረዲን

እሑድ ሩሐማ ቤት እመጣለሁ። በሩ አሁንም ይጮኻል ብላኛለች።


ሙርዋይክ
መጋቢት 4 ቀን 2018 (ማርች 13)

ውድ ልጄ ነስረዲን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ፍርድ ቤት ጎኔ ተቀምጠህ እጄን ስትይዘኝ ልለው የነበረውን እዚያ አላልኩትም፤ ተርጓሚው ሁለት ስህተት ሠርቶ ሳልናገር ያለፍኩበት ቀን ስለነበር አቅሜ በዚያ አልቋል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ዳኛዋ ጥፋተኛ ነሽ፣ ቅጣት ግን የለብሽም ብላ ፈረደች። ሃፍሳ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ፍርድ አለ ብላ ተደሰተች። እኔ ግን ከፋኝ። ኤክስ አድርጎ ነጥብ የማይቀንስ አስተማሪ አይቼ አላውቅም። ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ስንቆራጠጥ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ነጥቡን ራሴ ቀነስኩ።

አደራ ማድረሴን አሁንም ስህተት አልለውም፤ ሕጉ ግን የሙት ድምፅ የለም ካለ እኔም አክብሬ እቀበላለሁ። ስህተቴ ሌላ ነው። መርዶን የምናቆየው የሚሰማው ሰው እንዳይወድቅ ነው። እኔ ግን ያቆየሁት አደራዬ እንዳይወድቅ ነበር፤ ጉዳዩ እስኪፈጸም። ለአንተ መስሎኝ ለራሴ ነበር። አንተን ሳትጠየቅ አሸከምኩህ፤ አንተም ሳልጠይቅህ እኔን ልትሸከም ተነሣህ። ከማን እንደተማርከው ታወቀ።

ረቡዕ የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ነው፤ ካርዴም ደርሷል። ሰኞ ደግሞ ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ያደርጉኛል፣ ስለዚህ በእግሬ አልሄድም። ያንተን ስም እንዳልጽፍ አንተ የሮተርዳም መራጭ ነህ። ለሩሐማ ሰጠኋት። ጀርባውን ፈረምኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እሷም አነበበችው። ለማን እንደምመርጥ ስነግራት አባቷ እንደፈሩት ቁጭ አድርጋ ልታስተምረኝ ሞከረች፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ተከራከርንና እንደ እኔ ፈቃድ እንድትመርጥ ቃል ገባችልኝ።

ከቤቷ ልወጣ ስል በሩ ላይ ዞር አልኩላት። በሩ አሁን አይጮኽም።

«ከረቡዕ በፊት ከሞትኩ ለነስረዲን ወዲያው ንገሪው» አልኳት። «መንገድ ላይም ቢሆን፣ ሳይበላም ቢሆን። ካርዱን ቅደጂው።»

አክስትህ ኡሙልኸይር